ባለቤቱ የቱ ነው? በዳታቤዝ ፓርሰሮች የሚሞሪ አያያዝ ላይ የቀረበ ሒስ

የአማርኛ ሰዋስው ስንማር መምህሩ አንድ ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጽፎ «ባለቤቱ የቱ ነው? ማሰሪያ አንቀጹስ?» እያለ ይጠይቀን ነበር። በዳታቤዝ ውስጥ ያለው ፓርሰር የሚባለው የፕሮግራም ክፍል ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተጠቃሚው በኤስ.ኪው.ኤል. ቋንቋ ጽፎ የላከውን ትእዛዝ ቃል በቃል ያነባል፤ ቃላቱ በደንቡ መሠረት መያያዛቸውን ይመረምራል፤ ከዚያም የትእዛዙን ትርጉም ቅርንጫፍ ባለው ዛፍ መልክ አደራጅቶ ለሚቀጥለው የሥራ ክፍል ያስረክባል። የዛፉ እያንዳንዱ አንጓ ከኮምፒውተሩ ሚሞሪ ላይ ጥቂት ቦታ ተበድሮ ይቀመጣል። እንግዲህ «ባለቤቱ የቱ ነው?» የሚለው የሰዋስው ጥያቄ ሁለተኛ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የተበደረውን ቦታ ሥራው ሲያልቅ የሚመልሰው ማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ሦስት የታወቁ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስ እመረምራለሁ። እነርሱም ኤስኪውላይት፣ ፖስትግሬስና ዳክዲቢ ናቸው። ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው፦ ፓርሰር ሚሞሪ የሚያፈሰው ጸሐፊው አንድ መስመር በመርሳቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ በግማሽ የተሠራው ዛፍ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ሳይወሰን ይቀራል። ስለዚህ አንድ ፓርሰር መመዘን ያለበት የተሳሳተውን ትእዛዝ በሚያሰናብትበት መንገድ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው «ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት የሚበልጥ ተማሪዎችን ስም አምጣ» ብሎ ትእዛዝ ሊጽፍ አስቦ 20 የሚለውን ቁጥር ዘንግቶ ላከ እንበል። ፓርሰሩ ስሕተቱን የሚያገኘው ቁጥሩ ሊኖርበት ከሚገባው ቦታ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን የሚፈለገውን ዓምድ ስም፣ የሰንጠረዡን ስምና የማወዳደሪያውን ምልክት አንብቦ ለየአንዳንዳቸው አንጓ ሠርቷል። እነዚህ አንጓዎች ገና ከአንድ ዛፍ ጋር አልተያያዙም፤ ፓርሰሩ በሚሠራበት ቁልል ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስሕተቱ ሲታወቅ ቁልሉ ይጣላል። በሲ ቋንቋ ሲጻፍ የቁልሉ መጣል በቁልሉ ላይ አድራሻቸው የነበረውን አንጓዎች አይመልስም። አድራሻቸው ስለጠፋ ከእንግዲህ ሊመልሳቸው የሚችል የለም፤ ቦታቸውም ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ተይዞ ይኖራል። ጣሪያው ያፈሳል እንደምንለው ሁሉ፣ ይህን ዓይነቱን ፕሮግራም ሚሞሪ ያፈሳል እንለዋለን።

አንባቢ «ለጥቂት ባይት ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» ይል ይሆናል። መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ 400 ባይት ቢያፈስና በሴኮንድ 50 የተሳሳቱ ትእዛዞች ቢመጡ፣ በሴኮንድ 20,000 ባይት ይጠፋል። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ስለሆነ፣ በቀን የሚጠፋው 1,728,000,000 ባይት ይደርሳል። ጠብታ ውሃ ሲደጋገም ድንጋይ ይበሳል የሚባለው ይህ ነው። በሴኮንድ 50 ስሕተት ይመጣል ማለትም የማይሆን ግምት አይደለም፤ ሌላ ፕሮግራም በብልሹ አጻጻፍ ያንኑ ትእዛዝ እየደጋገመ ሲልክ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። የዳታቤዝ ፕሮግራም ደግሞ ለወራት ሳይዘጋ እንዲሠራ የሚጠበቅ ነው። ሚሞሪው ሲያልቅ የሚጎዳው ስሕተተኛውን ትእዛዝ የላከው ሰው ብቻ አይሆንም፤ በዚያው ኮምፒውተር የሚገለገሉ ሁሉ አብረው ይወድቃሉ።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የራሴ ጥፋት መሆኑን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ለመልመጃ በተሰጠን ሥራ ባይሰን በሚባለው የፓርሰር መሥሪያ አንድ ትንሽ ፓርሰር ጽፌ ነበር። ባይሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ሮበርት ኮርቤት የጀመረው ሲሆን፣ ስቲቨን ጆንሰን በ1970ዎቹ ዓመታት በቤል ላቦራቶሪ የሠራውን ያክ የሚባለውን መሣሪያ ፈለግ የተከተለ ነው። በባይሰን ውስጥ ለእያንዳንዱ የሰዋስው ክፍል «አፍራሽ» የሚባል አጭር ትእዛዝ መጻፍ ይቻላል፤ ፓርሰሩ በስሕተት ምክንያት ከቁልሉ የሚጥለውን ነገር ሲጥል ይህን ትእዛዝ እየጠራ የተበደረውን ሚሞሪ ያስመልሳል። እኔም አፍራሾቹን ሁሉ ጽፌ፣ ትክክለኛ ትእዛዞችን ደጋግሜ ፈትኜ፣ ሚሞሪው እንዳልጨመረ አይቼ ሥራዬን አስረከብሁ። ኋላ አንድ ጓደኛዬ የሚመጣው ረድፍ ብዛት ከዜሮ በታች እንዲሆን የሚያዝ ትእዛዝ እየደጋገመ ቢልክበት ሚሞሪው ያለማቋረጥ መውጣት ጀመረ።

ምክንያቱ ይህ ነበር። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ የሚያውጀው ፓርሰሩ ሳይሆን እኔ በደንቡ ሥር የጻፍሁት ትእዛዝ ነበር። የባይሰን መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ እንዲህ ባለው ጊዜ በዚያ ደንብ ቀኝ በኩል ያሉት ክፍሎች በአፍራሽ እንደማይመለሱ በግልጽ ይናገራል። ስሕተቱን ራሱ ያወጀው ደንብ የያዘውንም ራሱ ይመልስ ማለት ነው። መመሪያውን አንብቤው ነበር፤ ነገር ግን አፍራሽ መጻፌን እንጂ አፍራሹ መቼ እንደማይጠራ አላሰብሁም። ይህ ገጠመኝ የመሣሪያው መኖር ብቻውን ለጥያቄው መልስ እንደማይሆን አስተማረኝ።

አሁን ወደ ኤስኪውላይት እንለፍ። ይህ ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2000 በሪቻርድ ሂፕ የተጀመረ ሲሆን፣ ፓርሰሩ የሚሠራው ሂፕ ራሱ በጻፈው ሌመን በሚባል መሣሪያ ነው። ሌመን ከያክና ከባይሰን በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ በያክ አሠራር ፓርሰሩ ቃል አንባቢውን እየጠራ «የሚቀጥለውን ቃል አምጣ» ይለዋል፤ በሌመን ግን ቃል አንባቢው ፓርሰሩን እየጠራ ቃሉን ያቀብለዋል። በዚህ የተነሣ ፓርሰሩን የሚመራው ፕሮግራም ሥራውን በፈለገበት ቦታ አቋርጦ ፓርሰሩን ሊያሰናብት ይችላል፤ ሲያሰናብተውም በቁልሉ ላይ የቀረው ሁሉ በአፍራሾቹ በኩል ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የባለቤትነቱ ደንብ በሰዋስው ጽሑፉ ላይ ይታያል። በአንድ ደንብ ውስጥ አንድ ክፍል ስም ተሰጥቶት በትእዛዙ ከተሠራበት፣ ኃላፊነቱ ወደዚያ ትእዛዝ ተላልፏል፤ ስም ካልተሰጠው ግን ሌመን ራሱ አፍራሹን ጠርቶ ይመልሰዋል። አንባቢ ደንቡን አንብቦ ባለቤቱን ለይቶ ማወቅ ይችላል።

የኤስኪውላይት ጸሐፊዎች ከዚህ ላይ አንድ ሌላ ልማድ ጨምረዋል። አንድ ሐረግ በዝርዝር ላይ እንዲጨምር የተጠራ ፋንክሽን ሚሞሪ አጥቶ ሥራውን መፈጸም ባይችል እንኳ፣ የተረከበውን ሐረግም ዝርዝሩንም መልሶ ባዶ እጁን ይመጣል። የሰጠው ወገን «ሥራው ተሳክቶ ይሆን?» እያለ ሁለተኛ አይጨነቅም፤ ከሰጠ በኋላ የእርሱ አይደለም። ይህ ቀላል የሚመስል ውል ብዙ ጥፋት ይከላከላል፤ ምክንያቱም የሚሞሪ መፍሰስም ሆነ ከዚያ የከፋው አንድን ቦታ ሁለት ጊዜ የመመለስ ጥፋት የሚመጣው ሁለት ወገኖች ስለ አንድ ነገር የተለያየ እምነት ሲይዙ ነው።

ይሁንና በዚህ አሠራር ላይ የሚነሣ ነቀፋ አለ። ለእያንዳንዱ የሰዋስው ክፍል አፍራሽ መጻፍ ያለበት ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይረሳል። ዛሬ ያልተረሳው ነገ አዲስ ደንብ ሲጨመር ይረሳል። የኤስኪውላይት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በጥንቃቄ ብቻ አልተማመኑም። ፈተናቸው አስደናቂ ነው፦ ሚሞሪ የሚሰጠውን ፋንክሽን ሆን ብለው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ «የለም» እንዲል ያደርጉታል፤ ቀጥሎ በሁለተኛው፣ ከዚያም በሦስተኛው፣ እንዲህ እያሉ ሥራው ያለ እንከን እስኪያልቅ ድረስ ይቀጥላሉ። ይህንንም በሁለት ዓይነት ያደርጉታል፤ በአንደኛው እምቢታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በሌላው ግን አንድ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ፈተና መጨረሻም ያልተመለሰ ሚሞሪ መኖር አለመኖሩ ይቆጠራል። ስለዚህ ኤስኪውላይትን ያዳነው አፍራሹ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል። አፍራሹ ተስፋ ነው፤ ተስፋውን ወደ እርግጠኝነት የለወጠው ፈተናው ነው።

ፖስትግሬስ የሄደበት መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህ ዳታቤዝ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1986 በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የተጀመረው ምርምር ነው። ፓርሰሩ በባይሰን የተሠራ ሆኖ ሳለ የራሱን አንጓዎች አንድ በአንድ ለመመለስ አይደክምም። አንጓዎቹ ሁሉ የሚቀመጡት ኮንቴክስት በሚባል የሚሞሪ ክፍል ውስጥ ነው። ኮንቴክስትን ለሠርግ እንደሚጣል ዳስ ልናስበው እንችላለን፤ እንግዶቹ ሁሉ በውስጡ ይስተናገዳሉ፣ ሠርጉ ሲያልቅ ዳሱ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል፣ እያንዳንዱን እንግዳ በስሙ እየጠራ የሚያሰናብት አያስፈልግም። ከደንበኛው የሚመጣው እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ኮንቴክስት አለው፤ የሚቀጥለው መልእክት ከመነበቡ በፊት ያ ኮንቴክስት ባዶ ይደረጋል።

ይህ ምርጫ በስንፍና የተደረገ እንዳልሆነ ለመረዳት ፖስትግሬስ ስሕተትን እንዴት እንደሚያስተናግድ ማየት ይገባል። በፖስትግሬስ ውስጥ ስሕተት ሲታወቅ ፕሮግራሙ በመጣበት መንገድ ደረጃ በደረጃ አይመለስም፤ ካለበት ጥልቅ ቦታ በአንድ ዝላይ ወደ ዋናው ዙር ይሄዳል። በመካከል ያሉት ፋንክሽኖች የያዙትን ለመመለስ ዕድል አያገኙም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ለየራሱ ይመልስ የሚለው ደንብ ሊሠራ አይችልም፤ ከዝላዩ በኋላ የሚቀረውን ሁሉ ጠራርጎ የሚያወጣ የጋራ ባለቤት የግድ ያስፈልጋል። ስሕተቱን ለመናገር የሚያስፈልገው ሚሞሪ እንኳ ታስቦበታል፦ ለስሕተት መልእክት የተለየ ኮንቴክስት ተይዞ በውስጡ ቢያንስ 8 ኪሎባይት ሁልጊዜ ክፍት ይቀመጣል። ይህም ሚሞሪ አለቀ የሚለውን መልእክት ለመጻፍ ሚሞሪ እንዳይጠፋ ነው።

ብዙ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ ጥያቄው ተፈጽሟል፤ ሁሉም ሰው ኮንቴክስት ይጠቀም» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ኮንቴክስት «ማን ይመልስ?» የሚለውን ጥያቄ «መቼ ይመለስ?» ወደሚል ጥያቄ ለወጠው እንጂ አላጠፋውም። የፖስትግሬስ የራሱ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ከ7.1 እትም በፊት፣ ብዙ ረድፎችን የሚያነብ አንድ ትልቅ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ረድፍ የተበደረውን ሁሉ እስከ ጥያቄው ፍጻሜ ድረስ ይዞ ይቆይ ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ስለሚመለስ በጥብቅ አነጋገር የጠፋ ሚሞሪ የለም፤ ነገር ግን መጨረሻው ሳይደርስ ሚሞሪው ያልቃል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ረድፍ የሚታደስ አነስተኛ ኮንቴክስት መሥራት ሆነ። ይህ የሆነው ትእዛዙ ሲፈጸም ነው፤ በፓርሰሩም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ። ደንበኛው ብዙ ትእዛዞችን በአንድ መልእክት አያይዞ ሲልክ ፓርሰሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያነባል፤ ዛፎቻቸውም በመልእክቱ ኮንቴክስት ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ። ኋላ በወጡ እትሞች ቢያንስ ከፓርሰሩ በኋላ ለሚመጣው ምርመራና ዕቅድ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የተለየ ኮንቴክስት እንዲበጅ ተደርጓል። ዳሱ በጣም ትልቅ ከሆነና ሠርጉ ካላለቀ የዳሱ መፍረስ ለማንም አይጠቅምም።

ሌላም ምሳሌ አለ። አስቀድሞ እንዲዘጋጅ የታዘዘ ትእዛዝ ሲመጣ ዛፉ ከመልእክቱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ፖስትግሬስ ዛፉን ገልብጦ ረጅም ዕድሜ ባለው ኮንቴክስት ሥር ያኖረዋል። ተጠቃሚው እንዲሰረዝ ካላዘዘ ግንኙነቱ እስኪዘጋ ድረስ በዚያ ይኖራል። አንድ ፕሮግራም በየጊዜው አዲስ ስም እየሰጠ ትእዛዝ ቢያዘጋጅና አንዱንም ባይሰርዝ ሚሞሪው ያለ ልክ ይጨምራል። ፖስትግሬስ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው ሊባል ይችላል። በኮምፒውተሩ ላይ የሚደርሰው ውጤት ግን ከመፍሰስ አይለይም።

የዳክዲቢ ታሪክ ሁለቱን መንገዶች ያገናኘ ስለሆነ ለሒሳችን ጠቃሚ ነው። ዳክዲቢ በአምስተርዳም በሚገኘው የኔዘርላንድ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ብሔራዊ ምርምር ተቋም የተጀመረና እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ የቀረበ ዳታቤዝ ነው። ሲነሣ የራሱን ፓርሰር ከመጻፍ ይልቅ የፖስትግሬስን ፓርሰር ነቅሎ ወሰደ። ነገር ግን የተነቀለው ፓርሰር የበደረውን የማይመልስ መሆኑን አይተናል፤ ያለ ኮንቴክስቱ ቢወሰድ እያንዳንዱ ትእዛዝ፣ ትክክለኛውም ጭምር፣ ሚሞሪ ያፈስ ነበር። ስለዚህ ፓርሰሩ ሲጀምር የሚከፈትና ሲጨርስ ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚመልስ ትንሽ የሚሞሪ ክፍል ተሠራለት። ከዚያም የተገኘው ዛፍ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ወደ ተጻፉ አንጓዎች ይቀየራል፤ እነዚህ አንጓዎች እያንዳንዳቸው አንድ ባለቤት ብቻ ያላቸው ሲሆኑ፣ ባለቤቱ ሲያልፍ እነርሱም አብረው ይመለሳሉ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር፣ የሚሞሪ ሥርዐት በሰዋስው ጽሑፉ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን ነው። ፓርሰርን ከቤቱ ነቅሎ የሚወስድ ሰው ቤቱን ያቆመውንም ምሰሶ አብሮ መውሰድ አለበት።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? ለፓርሰር ብቻ ብንናገር የፖስትግሬስ ሐሳብ የበለጠ ትክክል ይመስለኛል። የአንድ ትእዛዝ አንጓዎች አብረው ይወለዳሉ፤ አብዛኞቹም አብረው ይሞታሉ፤ በአንድ ቀን ለሚሞቱ ሁሉ የየራሳቸውን መቃብር መቆፈር ለስሕተት በር መክፈት ነው። ነገር ግን ኤስኪውላይት በትንንሽ መሣሪያዎችና በሌሎች ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ያልተፈለገውን ሚሞሪ ወዲያውኑ መመለሱ ተገቢ ነው፤ ስሕተትንም በዝላይ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ስለሚመልስ አፍራሾቹ ዕድል ያገኛሉ። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ስሕተት በዝላይ በሚወጣበት ፕሮግራም ኮንቴክስት ግዴታ ነው፤ ስሕተት በደረጃ በሚመለስበት ግን አፍራሽ ይበቃል፤ ሁለቱም ግን ያለ ፈተና ባዶ ተስፋ ናቸው።

ስለ ፈተና ካነሣን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙዎቻችን እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው በቫልግሪንድና በመሰል መሣሪያዎች እንመካለን። እነዚህ መሣሪያዎች አድራሻው የጠፋውን ሚሞሪ በደንብ ያሳያሉ። አድራሻው ሳይጠፋ በትልቅ ኮንቴክስት ውስጥ ያለ ጥቅም የተከማቸውን ግን እንደ ጥፋት አይቆጥሩትም፤ ባለቤት አለውና። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 14ኛ እትሙ እያንዳንዱ ኮንቴክስት ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ለተጠቃሚው ያቀረበው ይህን ክፍተት የሚሞላ መልካም ሥራ ነው። የጠፋውን ብቻ ሳይሆን የተያዘውንም መቁጠር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ቃሌን ወደ መምህራኖቼና ወደ ጓደኞቼ እመልሳለሁ። የፓርሰር መልመጃ ሲሰጠን የሚታረምልን ትክክለኛውን ዐረፍተ ነገር በትክክል ማንበባችን ነው። የእኔ ፓርሰርም በዚህ ሚዛን ሙሉ ማርክ ያገኘ ነበር፤ ያፈስም ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መልመጃ ጋር የተሳሳቱ ዐረፍተ ነገሮች ዝርዝር እንዲሰጠን፣ ሚሞሪ የሚከለክል ፋንክሽንም ፕሮግራማችንን እንዲፈትነው፣ በእያንዳንዱ ደንብ አጠገብም የያዘውን የሚመልሰው ማን እንደሆነ በአንድ መስመር እንድንጽፍ እንዲደረግ በትሕትና አሳስባለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በሰሌዳው ፊት «ባለቤቱ የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ያለ ተማሪ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር፤ ፓርሰራችንም ይህን ሳይመልስ እንዲያልፍ መፍቀድ የለብንም።